ብረትን የሚያስበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን፦ በነዳጅ ማውጫ ስፍራዎች የተካሄደው ምርምርና ለኅብረተሰቡ ያለው ፋይዳ

ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ከከርሰ ምድር ወጥተው ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ መንገዳቸው በአብዛኛው ብረት ነው። ጉድጓዱ የሚደገፍበት ቧንቧ፣ ማስተላለፊያው መስመር፣ ማጠራቀሚያው ታንከርና ማጓጓዣው ቦቴ ሁሉም ከብረት የተሠሩ ናቸው። በመሆኑም የዘርፉ ደኅንነት በብረቱ ጤንነት ላይ የተመሠረተ ነው። ብረት እንደሚዝግ ማንም ሰው ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት ግን፣ አየር በማይደርስበት የቧንቧ ውስጠኛ ክፍል ብረቱን ለመበላት የሚዳርጉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው።

ይህ ጽሑፍ በነዳጅ ማውጫ ስፍራዎች ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ በብረት ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት፣ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌሪት ቮርዳው በጉዳዩ ላይ ስላካሄዱት ምርምር፣ እንዲሁም ከዚህ ዕውቀት የነዳጅ ተጠቃሚዎች፣ የማደያ ባለቤቶችና በጉድጓድና በታንከር ሥራ ላይ የተሰማሩ ዜጎች ሊያገኙ ስለሚችሉት ጠቀሜታ ማብራሪያ ይሰጣል።

አየር በሌለበት ስፍራ ብረት ለምን ይበላል?

ብረት ውኃ ሲነካው ኤሌክትሮን የተባሉትን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች እየለቀቀ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ይህ ሂደት እንዲቀጥል የተለቀቁትን ኤሌክትሮኖች የሚቀበል ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በተለመደው ዝገት ተቀባዩ በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ነው። ቆርቆሮ በዝናብ፣ ምስማር በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ የሚዝጉት በዚህ መንገድ ነው። ኦክስጅን ከሌለ ግን ሂደቱ እጅግ አዝጋሚ መሆን ይገባው ነበር።

ሆኖም ኦክስጅን በማይገኝባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ ውኃ በቋጠረ አፈር ውስጥ በተቀበሩ ቧንቧዎችና በነዳጅ መስመሮች ውስጥ፣ ብረት በፍጥነት ተቦርቡሮ ይገኛል። ለዚህ ዋነኛ ተጠያቂ ከሆኑት መካከል ሰልፌት ተጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገኙበታል። ሰልፌት በባሕር ውኃና በብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ውስጥ የሚገኝ ጨው ነው። ሰው ምግቡን ለማቃጠል ኦክስጅን እንደሚተነፍስ ሁሉ፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ በሰልፌት ይጠቀማሉ። ከዚህ ሥራቸው የሚወጣው ተረፈ ምርት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው መርዛማ ጋዝ ነው።

ጋዙ ብረትን ሲያገኝ አይረን ሰልፋይድ የተባለ ጥቁር ውሁድ ይፈጥራል። ይህ ጥቁር ዝቃጭ በብረቱ ላይ ሲቀመጥ ዝገቱን ከማስቆም ይልቅ በአንዳንድ ነጥቦች ላይ እንዲበረታ ያደርገዋል። ባክቴሪያዎቹ ከብረቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው በሚሠሩት ዝልግልግ ሽፋን ሥር ሆነው ስለሚኖሩም ጉዳቱ በመላው ብረት ላይ በእኩል አይዳረስም፤ አንድ ቦታ ላይ አተኩሮ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። የቀረው የቧንቧ አካል ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንዲት ነጥብ ብቻ ተበስታ የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርምሩ አነሳስ

ሰልፌት የሚጠቀም ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው በ1895 በኔዘርላንድስ ደልፍት ከተማ ሲሆን፣ ግኝቱም የማርቲኑስ ቤየሪንክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1926 በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቅ የነበሩት ኤድሰን ባስቲን ከነዳጅ ጉድጓዶች ጋር በሚወጣው ውኃ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደሚገኙ አሳዩ። በጊዜው የተነሣው ጥያቄ ባክቴሪያዎቹ ከጥንት ጀምሮ በከርሰ ምድሩ ውስጥ የኖሩ ናቸው ወይስ በቁፋሮ ወቅት ከላይ የገቡ ናቸው የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል።

በ1934 ደግሞ በኔዘርላንድስ ውኃ በቋጠረ አፈር ውስጥ የተቀበሩ የውኃ ቧንቧዎች ለምን እንደሚበሉ ያጠኑ ተመራማሪዎች አንድ ማብራሪያ አቀረቡ። በማብራሪያቸው መሠረት፣ ኦክስጅን በሌለበት ብረት ሲሟሟ በገጹ ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ ባክቴሪያዎቹም ይህንን ሃይድሮጅን ስለሚመገቡት ብረቱ መሟሟቱን እንዲቀጥል መንገድ ይከፍቱለታል። ከ70 ዓመት በኋላ በ2004 በጀርመን ብሬመን ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን ተቋም ተመራማሪዎች፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅንን ሳይጠብቁ ኤሌክትሮኖችን በቀጥታ ከብረቱ ላይ እንደሚወስዱ የሚያመለክት ውጤት ይፋ አደረጉ። ለእነዚህኞቹ ብረት የሚኖሩበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የጉልበታቸውም ምንጭ ነው።

ውኃ ወደ ነዳጅ ክምችት ሲገባ

በከርሰ ምድር የሚገኝ ድፍድፍ ነዳጅ መጀመሪያ ላይ በራሱ ግፊት ይወጣል። ከጊዜ በኋላ ግፊቱ ሲቀንስ አምራቾች በሌላ ጉድጓድ በኩል ውኃ ወደ ክምችቱ በማስገባት ነዳጁን እየገፉ ያወጡታል። በባሕር ላይ በሚገኙ ማውጫዎች የሚገባው በአብዛኛው የባሕር ውኃ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት ይይዛል። በመሆኑም ለባክቴሪያዎቹ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይሟላል፤ ሰልፌቱ ከውኃው፣ ምግቡ ከነዳጁ፣ ኦክስጅን የሌለበት መኖሪያ ደግሞ ከከርሰ ምድሩ ይገኛል።

ለዓመታት ንጹሕ ነዳጅ ሲሰጥ የነበረ ጉድጓድ ውኃ መግባት ከጀመረ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ማውጣት ሊጀምር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሲሆን የምርቱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ቧንቧውና ታንከሩ ይበላሉ፤ ከሁሉም በላይ በስፍራው የሚሠሩ ሰዎች ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ለችግሩ ከቀድሞ ጀምሮ የተለመደው መፍትሔ ባክቴሪያዎችን የሚገድል ኬሚካል ከውኃው ጋር መጨመር ነው። ይህ ዘዴ ዛሬም በሥራ ላይ ቢሆንም ውስንነቶች አሉበት። ኬሚካሉ ዝልግልጉን ሽፋን ዘልቆ ከሥሩ ያሉትን ለመግደል ይቸገራል፤ ወደ ክምችቱ ጥልቅ ክፍልም በበቂ መጠን አይደርስም፤ ራሱም መርዛማ በመሆኑ አያያዙ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

የካልጋሪው ምርምር

ፕሮፌሰር ቮርዳው ለረዥም ጊዜ የሠሩት በካናዳ የነዳጅ ሀብት ማዕከል በሆነችው የአልበርታ ግዛት ነው። ከምርምራቸው ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ በነዳጅ ማውጫው ውስጥ የሚኖሩት እነማን ናቸው የሚል ነበር። ቀድሞ ባክቴሪያዎችን ለመለየት በቤተ ሙከራ ማራባት ግድ ነበር፤ ይሁንና አብዛኞቹ ከተፈጥሮ መኖሪያቸው ሲወጡ አይራቡም። ስለዚህ በቤተ ሙከራው የተገኘው ዝርዝር በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን እውነታ በሙሉ አያሳይም ነበር።

ፕሮፌሰር ቮርዳውና ባልደረቦቻቸው በ1991 ይፋ ባደረጉት ዘዴ፣ ከናሙናው ውስጥ የባክቴሪያዎቹን ዘረመል በቀጥታ በማውጣትና አስቀድመው ከሚታወቁ ዝርያዎች ዘረመል ጋር በማመሳከር በነዳጅ ማውጫ ውስጥ የትኞቹ ሰልፌት ተጠቃሚዎች እንደሚገኙ መለየት ቻሉ። በ2004 ደግሞ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች በስፋት የተጠናው የአንዱ ዝርያ ሙሉ ዘረመል ተነቦ ለዓለም ሲቀርብ፣ ፕሮፌሰሩ ከሥራው ተባባሪዎች አንዱ ነበሩ። ይህ ሥራ ባክቴሪያው ሃይድሮጅንን እንዴት እንደሚጠቀምና ሰልፌትን በየትኞቹ ደረጃዎች ወደ ሰልፋይድ እንደሚለውጥ በዝርዝር ለመረዳት አስችሏል።

ሁለተኛው ጥያቄ ባክቴሪያዎቹን እንዴት መግታት ይቻላል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የቀረበው መልስ ከመግደል የተለየ ነው። ይኸውም ሌሎች ባክቴሪያዎችን በመመገብ እነዚህኞቹን ማስራብ ነው።

በነዳጅ ክምችት ውስጥ ከሰልፌት ተጠቃሚዎች ጎን ለጎን ናይትሬት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎችም ይኖራሉ። ናይትሬት በማዳበሪያ ውስጥም የሚገኝ፣ ዋጋው ከፍተኛ ያልሆነ ጨው ነው። ናይትሬት የሚጠቀም ባክቴሪያ ከአንድ ዓይነት ምግብ የሚያገኘው ጉልበት ሰልፌት የሚጠቀመው ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል። ስለሆነም በሚገባው ውኃ ላይ ናይትሬት ሲጨመር እነዚህ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ተራብተው ምግቡን ይሻማሉ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ቀድሞ የተፈጠረውን ሰልፋይድ ጭምር ያስወግዳሉ። በተጨማሪም ናይትሬት ሲለወጥ ናይትራይት የተባለ ውሁድ ይፈጠራል፤ ናይትራይት ደግሞ ሰልፌት ተጠቃሚዎቹ ሰልፋይድን የሚያመርቱበትን የመጨረሻ ደረጃ በቀጥታ ያግዳል። በአንድ ጨው ሦስት ጥቅም ይገኛል ማለት ነው። ዘዴው በኖርዌይ የሰሜን ባሕር ማውጫዎችም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

በመስክ የታየው ውጤት

በቤተ ሙከራ የተሳካ ነገር ሁሉ በመስክ ላይ ይሳካል ማለት አይደለም። የፕሮፌሰር ቮርዳው ቡድን በ2009 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በምዕራብ ካናዳ በሚገኝ፣ የከርሰ ምድሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ የከባድ ድፍድፍ ነዳጅ ክምችት ላይ ነው። ቡድኑ ከ3 የውኃ ማዘጋጃ ጣቢያዎች፣ ከ2 የውኃ ማስገቢያ ጉድጓዶችና ከ15 የምርት ጉድጓዶች ናሙና እየወሰደ ለ2 ዓመታት ተከታትሏል።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ሊትር ውኃ ላይ 150 ሚሊ ግራም ያህል ናይትሬት ያለማቋረጥ ተጨመረ። በመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት ከምርት ጉድጓዶቹ የሚወጣው የሰልፋይድ መጠን በ70 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ ግን አልጸናም። ናይትሬቱ መግባቱን ሳያቋርጥ ሰልፋይዱ ተመልሶ ጨመረ።

የቡድኑ ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ናይትሬት ተጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ውኃው በሚገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ሰፍረው የመጣላቸውን ናይትሬት እዚያው ይጨርሱታል። ሰልፌት ተጠቃሚዎቹ በበኩላቸው ናይትሬት ወደማይደርስበት ራቅ ያለ ክፍል ተሸጋግረው እንደገና ይራባሉ። በዚህ መልኩ ሁለቱ ወገኖች ከርሰ ምድሩን ለሁለት ተከፋፍለው፣ አንዱ በቅርብ ሌላው በሩቅ፣ ሳይነካኩ መኖር ይጀምራሉ። የክምችቱ ሙቀት ዝቅተኛና ከቦታ ቦታ የማይለያይ መሆኑ ባክቴሪያዎቹ በየትኛውም ክፍል እንዲኖሩ ስለሚፈቅድ ለዚህ አመቺ ሆኗል።

ችግሩ በዚህ መልክ ሲታወቅ መፍትሔውም አብሮ ታየ። ያለማቋረጥ ጥቂት ናይትሬት ከመጨመር ይልቅ፣ ከቀድሞው 6 እጥፍ ያህል የጠነከረ ናይትሬት ለአንድ ሳምንት እየተሰጠ እንዲቋረጥ ተደረገ። በቅርብ ያሉት ባክቴሪያዎች ይህን ያህል መጠን ሊጨርሱት ስለማይችሉ የተረፈው ወደ ሩቁ ክፍል ዘለቀ። በክምችቱ አንድ ክፍል በተደረገው ሙከራ ናይትሬቱ እስከ ምርት ጉድጓዱ በመድረሱ ከአንድ ጉድጓድ የሚወጣው ሰልፋይድ ጠፋ፤ ዘዴው በመላው ማውጫ ሲተገበርም ናይትሬቱ ሌላ ተጨማሪ ጉድጓድ ላይ ደረሰ። ወደ ቀድሞው ያልተቋረጠና አነስተኛ መጠን ሲመለሱ ግን መሻሻሉ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከነዳጅ ዘርፍም ያለፈ ነው። የመድኃኒቱ ዓይነት ትክክል ሆኖ ሳለ አሰጣጡ ካልተስተካከለ ውጤቱ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን 5 ሳምንታት ብቻ የተመለከተ ሰው ችግሩ ተፈታ ብሎ ይደመድም ነበር፤ እውነቱን የገለጠው የ2 ዓመት ክትትል ነው።

ናይትሬትም ቢሆን ያለ ክትትል ጥቅም ላይ የሚውል አይደለም። ሰልፋይድ በናይትሬት ተጠቃሚዎች በከፊል ብቻ ሲለወጥ ድኝ ሊፈጠር ይችላል፤ ድኝ ደግሞ ራሱ ብረትን ይበላል። የካልጋሪው ቤተ ሙከራ ካወጣቸው ጥናቶች መካከል ሰልፋይድን ለመቀነስ የሚወሰደው እርምጃ በብረቱ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የመረመሩ፣ እንዲሁም ናይትራይትን ከባክቴሪያ ገዳይ ኬሚካል ጋር በማጣመር የኬሚካሉን መጠን መቀነስ እንደሚቻል ያሳዩ ይገኙበታል።

አንዲት ቀዳዳ የምታስከትለው ጉዳት

የምርምሩን አስፈላጊነት ለመረዳት በአሜሪካ የደረሱ ሁለት አደጋዎችን መመልከት በቂ ነው።

ነሐሴ 19 ቀን 2000 በኒው ሜክሲኮ ግዛት በካርልስባድ ከተማ አቅራቢያ አንድ የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ መስመር ፈነዳ። በወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ያደሩ 12 የአንድ ቤተሰብ አባላት ሕይወታቸውን አጡ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ቧንቧው ከውስጥ በኩል በዝገት ክፉኛ ሳስቶ እንደነበር ተረጋገጠ። ፈሳሽ በሚጠራቀምበት የቧንቧው ዝቅተኛ ክፍል እርጥበት፣ ጨው፣ የተለያዩ ጋዞችና ረቂቅ ተሕዋስያን በአንድነት ለዝገቱ ምክንያት መሆናቸውንም ቦርዱ አመልክቷል። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ቧንቧው ምንም ምልክት አልነበረውም።

ሁለተኛው አደጋ የታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2006 በአላስካ በሚገኘው የፕሩዶ ቤይ ነዳጅ ማውጫ ነው። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም በማትበልጥ ቀዳዳ አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ በበረዶ ላይ ፈሰሰ። መፍሰሱ የታወቀው በመቆጣጠሪያ መሣሪያ ሳይሆን በስፍራው ያልፍ የነበረ ሠራተኛ የነዳጅ ሽታ ስለሸተተው ነው። በመስመሩ ውስጥ ነዳጁ በዝግታ ይጓዝ ስለነበር ውኃና ዝቃጭ በቧንቧው ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ባክቴሪያዎችም በዚያ ተመችቷቸው ለዝገቱ አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ባለሙያዎች አስረድተዋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሌላ መስመር ላይም ተመሳሳይ ዝገት በመገኘቱ በቀን 400,000 በርሜል ያህል ያመርት የነበረው ማውጫ በከፊል እንዲዘጋ ተደረገ።

ሁለቱም አደጋዎች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ውኃ በተጠራቀመበት፣ ፍሰት በቀነሰበትና ጽዳት በጎደለበት ስፍራ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሰፍራሉ። በዚህ ምክንያት ቧንቧን ከውስጥ የሚፍቅ መሣሪያ በየጊዜው ማሳለፍ፣ የተጠራቀመ ውኃን ማስወጣትና የብረቱን ውፍረት መለካት በሕይወትና በንብረት ላይ የሚደርስን ጉዳት የሚያስቀሩ መሠረታዊ ተግባራት ናቸው።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የሰው ሕይወት

ባክቴሪያዎቹ የሚያመነጩት ጋዝ ከብረቱ ይልቅ ለሰው የከፋ ነው። በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ1 ባነሰ መጠን ሲገኝ ሰው ሽታውን ይለየዋል። መጠኑ ወደ 100 ሲጠጋ ግን የማሽተት ስሜት በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው ስለጠፋ ጋዙም የጠፋ ይመስለዋል። ከ500 በላይ ሲሆን ራስን ያስታል፤ ወደ 1,000 ሲቃረብ በጥቂት ትንፋሽ ሊገድል ይችላል። ከአየር የሚከብድ በመሆኑም በጉድጓድ፣ በታንከርና በሌሎች ዝቅተኛ ስፍራዎች ይከማቻል።

ይህ አደጋ በነዳጅ ማውጫ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመፀዳጃ ጉድጓድና በፍሳሽ መስመር ውስጥም አየር ስለማይገባ፣ ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ተመሳሳዩን ጋዝ ያመነጫሉ። አንድ ሰው ወደ ጉድጓድ ወርዶ ሲወድቅ፣ ሊያድነው የወረደው ሁለተኛውም፣ ከዚያም ሦስተኛው ተከታትለው የሚሞቱበት አሳዛኝ ሁኔታ በብዙ አገሮች የሚያጋጥመው የጋዙ ባሕርይ ባለመታወቁ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

በኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ይገኛል። የተፈጥሮ ጋዝ ከጉድጓድ ሲወጣ ከውኃ ጋር የሚወጣ በመሆኑ፣ ውኃውን የመለየትና የመስመሩን ውስጣዊ ጤንነት የመከታተል ተግባር በየትኛውም አገር የጋዝ ልማት ሥራ አካል ነው።

ለአብዛኛው ዜጋ ቅርብ የሆነው ግን የተጣራ ነዳጅ ክምችት ነው። በአገሪቱ ጥቅም ላይ የሚውለው ናፍጣና ቤንዚን ከውጭ ተገዝቶ በዋናነት በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ከዚያም በቦቴ ተጓጉዞ በማጠራቀሚያዎችና በማደያዎች ታንከር ውስጥ ይቆያል። በታንከር ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው እርጥበት ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ዝናብም በክዳን ክፍተት ሊገባ ይችላል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታንከሩ ወለል ይወርዳል። ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች የሚኖሩት በዚህ ውኃ ውስጥና ውኃው ከናፍጣው ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ነው። ከናፍጣው እየተመገቡ የሚያመነጩት አሲድ የታንከሩን ወለል ይበላል፤ ዝልግልጉ ዝቃጭ ደግሞ የተሽከርካሪንና የጄነሬተርን ማጣሪያ ይደፍናል። የተበላ ታንከር ሲያፈስ ነዳጁ ወደ አፈርና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል፤ ይህም በአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ለሚጠቀሙ ነዋሪዎች ከባድ ጉዳት ነው።

ኅብረተሰቡ ሊገነዘባቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦች

1. የናፍጣ ማጠራቀሚያ ያላቸው ማደያዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎችና ጄነሬተር የሚጠቀሙ ተቋማት በታንከሩ ወለል ላይ ውኃ መኖር አለመኖሩን በየጊዜው መመርመርና የተገኘውን ውኃ ማስወጣት ይኖርባቸዋል። ውኃ በሌለበት ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሊራቡ አይችሉም።

2. ከታንከሩ ወለል የተወሰደ ናሙና ጥቁር ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከያዘ፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ካለው ወይም የነዳጅ ማጣሪያ ያለወትሮው ቶሎ ቶሎ ከተደፈነ፣ ጉዳዩን በዘርፉ ባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

3. ለረዥም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ነዳጅ ለብልሽት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ለመጠባበቂያ የተያዘ ናፍጣ በየወቅቱ ጥቅም ላይ እየዋለ በአዲስ ቢተካ ይመረጣል።

4. ባክቴሪያ ገዳይ ኬሚካልን ያለባለሙያ ምክር መጠቀም ተገቢ አይደለም። ኬሚካሉ ውኃው ሳይወገድና ታንከሩ ሳይጸዳ ቢጨመር ጥቅሙ ጊዜያዊ ነው።

5. ማንኛውም ሰው የአየሩ ደኅንነት በመሣሪያ ሳይረጋገጥና ተገቢው የመተንፈሻ መሣሪያ ሳይኖረው ወደ ነዳጅ ታንከር፣ ወደ መፀዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ፍሳሽ መስመር መግባት የለበትም። ሽታ አለመኖሩ ለደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

6. በጉድጓድ ወይም በታንከር ውስጥ ሰው ወድቆ ቢገኝ ተከትሎ መውረድ ሌላ ሕይወት ማጣት ነው። ከውጭ ሆኖ አየር እንዲገባ ማድረግና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን በአስቸኳይ መጥራት ይገባል።

7. በመኖሪያ አካባቢ ባለ የጉድጓድ ውኃ ላይ የነዳጅ ሽታ ወይም ቅባት ከታየ ውኃውን ለመጠጥም ሆነ ለማብሰያ አለመጠቀምና ለሚመለከተው የአካባቢው አስተዳደር አካል ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በነዳጅ ማውጫዎች ላይ የተካሄደው የዘመናት ምርምር ያረጋገጠው ጉዳይ፣ ረቂቅ ተሕዋስያንን ከከርሰ ምድርም ሆነ ከቧንቧ ጨርሶ ማጥፋት እንደማይቻል፣ ነገር ግን የሚኖሩበትን ሁኔታ በማወቅና በመቆጣጠር ጉዳታቸውን መግታት እንደሚቻል ነው። በግዙፍ ማውጫ ላይ የሚደረገው ቁጥጥርና በአንድ ማደያ ታንከር ላይ የሚደረገው ቁጥጥር በመጠን ቢለያዩም መነሻቸው አንድ ነው፤ ውኃው የት እንደተጠራቀመ ማወቅ፣ ማስወገድና ክትትሉን ሳያቋርጡ መቀጠል።